የጢስ ዓባይ ውኃ የት ገባ?

በማታው ትምህርታችን «ፏ» የምትለውን ፊደል ያስተማርነው በየካቲት ወር ነው። ይህች ፊደል እንደ «ለ» ወይም እንደ «በ» በየመስመሩ የምትገኝ አይደለችም። ምሳሌ ስንፈልግላት «ፏፏቴ» የሚለውን ቃል በሰሌዳው ላይ ጻፍን። ከተማሪዎቻችን ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አንድ አባት ቃሉን በጣታቸው እየተከተሉ ካነበቡ በኋላ፣ «ይኼማ እኔ ቤት አለ» አሉ።

«ምኑ ነው ያለው አባባ?»

«ፏፏቴው ነዋ!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። በማግሥቱ ማታ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ የወረቀት ብር ይዘው መጡ። ዛሬ አንድ ብር ሳንቲም ነው። ቀድሞ ግን ወረቀት ነበር። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የአንድ ብር ወረቀት በፊቱ በኩል የአንድ ልጅ መልክ፣ በጀርባው በኩል ደግሞ ወፎችና የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ታትመውበት ነበር። አባባ ያንን ብር ያገኙት የመጀመሪያ ወይፈናቸውን የሸጡ ለት ነው። ለማስታወሻ ብለው አስቀመጡት። ብሩ ላይ የተጻፈውን ግን እስከዚያ ማታ ድረስ አንብበውት አያውቁም ነበር። «አንድ ብር» የሚለውን ሲያነቡ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ብሩን ገልብጠው ወደ እኛ አቀረቡትና፣ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ልጠይቃችሁ። ይህ ቦታ ያለ ነው? ወይስ ሠዓሊ ከልቡ ያወጣው ነው?» አሉ።

ዝም አልን። ከዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የተላክን አራት ጓደኛሞች ነን። ስለ ዓባይ በፈተና ላይ ጽፈናል፤ ነጥብም አግኝተንበታል። ፏፏቴውን በዓይኑ ያየ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም። በጎጃም ምድር እየኖርን ጢስ ዓባይን አለማየታችን አሳፈረን። «እንግዲያው አብረን ሄደን እናየዋለን» አልናቸው። እንዲህ ሆኖ ነው መንገዱ የተጀመረው።

የግንቦት ልደታን አክብረን ተነሣን። እስከ አስፋልቱ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። ከዚያ በአይሱዙ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ባሕር ዳር ገባን። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። መንገድ የሄደ ሁሉ አቧራውን ያውቀዋል።

ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ከጣና ሐይቅ ይወጣል። እዚህ ላይ አባባ አንድ ጥያቄ አነሡ። «ዓባይ ከግሽ ተነሥቶ ጣናን ሳይቀላቀል አቋርጦ ያልፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?» አሉ። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ሁላችንም ሰምተነዋል። ሰከላ ከግሽ ዓባይ ምንጭ የሚነሣው ወንዝ ግልገል ዓባይ ይባላል። እሱም ከሌሎች ብዙ ወንዞች ጋር ጣና ውስጥ ይገባል። ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ትልቅ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እምብዛም ነው። እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚያ ሁሉ ስፋት ውስጥ የገባ ወንዝ ይቀላቀላል እንጂ ለብቻው መንገድ ይዞ አይሄድም። በባሕር ዳር በኩል የሚወጣው ዓባይ የሁሉም ወንዞች ድብልቅ ነው። አባባ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። «ባይቀላቀል ያምርበት ነበር» አሉ። እኔም በልቤ እንደ እሳቸው ነበርኩ።

ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን ጢስ ዓባይ ከተማ ደረስን። ከከተማዋ አልፈን በእግር ስንወርድ ወንዙን የምንሻገርበት አንድ የድንጋይ ድልድይ አገኘን። ሰው የአላታ ድልድይ ይለዋል። የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1618 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዕድሜው 400 ዓመት ገደማ ነው። ብረት የለበትም፤ ድንጋይና ኖራ ነው። በዚያ ስፍራ ዓባይ በጠባብ ገደል ውስጥ ተጨንቆ ስለሚያልፍ ነው ድልድዩ ሊቆም የቻለው። በዚያ ዘመን ጎጃምንና ቤጌምድርን ያገናኝ ነበር። ስንት ነጋዴ፣ ስንት ወታደር፣ ስንት ሙሽራ አልፎበታል!

ከድልድዩ በኋላ ዳገት ነው። አባባ ከእኛ ቀድመው ወጡ። ወጣቶቹ ኋላ ቀረን። በዳገቱ ላይ ነጠላና ቅል የሚሸጡ ሴቶች ተቀምጠዋል። ጫፉ ላይ ስንደርስ አባባ ብሩን ከጨርቁ ፈትተው በእጃቸው ይዘዋል። አንድ ጊዜ ብሩን፣ አንድ ጊዜ ገደሉን ያያሉ።

ገደሉ ያው ነው። ጥቁር፣ ሰፊ፣ እንደ ግንብ ቀጥ ያለ። በብሩ ላይ ያለው ውኃ ግን የለም። ከገደሉ በአንድ ጥግ በኩል ብቻ እንደ ነጭ መቀነት የቀጠነ ውኃ ይወርዳል። የቀረው ደረቅ ድንጋይ ነው።

አባባ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። በመጨረሻም ወደ እኔ ዞረው፣ «የኔታ፣ ይህ ብር ሐሰተኛ ነው እንዴ?» አሉኝ። የኔታ የሚሉኝ ሲያሾፉብኝ ነው። የልጅ ልጃቸው የምሆን ሰው ፊደል ስላስቆጠርኳቸው ነው። በዚያን ጊዜ ግን ፊታቸው ላይ ፌዝ አልነበረም።

ብሩ ሐሰተኛ አልነበረም። ታዲያ ውኃው የት ገባ? ይህንን ለማስረዳት ከመጀመሪያው መነሣት ይሻላል። እኔ የቋንቋ ተማሪ ነኝ። ስለ ድንጋይና ስለ መብራት የምጽፈውን የነገሩኝ ሁለቱ ጓደኞቼ ናቸው። አንደኛው የሥነ ምድር ተማሪ ነው፤ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ይማራል። ሦስተኛዋ ጓደኛችን የታሪክ ተማሪ ናት።

የሥነ ምድሩ ተማሪ አንድ ጥቁር ድንጋይ አንሥቶ ለአባባ ሰጣቸው። ይህ ድንጋይ ባሳልት ይባላል። በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ እንደ ቀለጠ ብረት ግሎ የወጣ፣ በሸለቆው ላይ የፈሰሰ፣ ቆይቶም የበረደና የጠጠረ ነው። እንዲህ ያለው እሳት ከምድር ሲወጣ እሳተ ገሞራ ይባላል። ድንጋዩ በሁሉም ቦታ እኩል አይጠነክርም። አንዱ ንጣፍ ጠንካራ፣ ሌላው ልል ይሆናል። ወንዝ በላዩ ሲያልፍ ልሉን ቶሎ ይበላዋል፤ ጠንካራው ይቀራል። ውኃው ከጠንካራው ጫፍ ላይ ወደ ተበላው ጉድጓድ ይዘላል። ፏፏቴ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላም ሥራው አይቆምም። የሚወርደው ውኃ ከሥር ከሥር እየቦረቦረ ጫፉን ያስንቀዋል። የተናደ ለት ፏፏቴው ወደ ላይ ወደ ኋላ ትንሽ ይሸሻል። ይህ የሚሆነው በእኛ ዕድሜ አይደለም፤ በብዙ ሺህ ዓመት ነው።

የጢስ ዓባይ ገደል ከ40 ሜትር በላይ ነው። ሠላሳ ያህል ሰው አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ቢቆም ነው ጫፉ የሚደርሰው። ገደሉ ለዓሣም አጥር ሆኖታል። ከታች ያለ ዓሣ ይህንን ዘልሎ ወደ ጣና መግባት አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ተለይተው ኖሩ። ከመለየታቸውም የተነሣ ዛሬ ጣና ውስጥ በሌላ በየትም አገር የማይገኙ የዓሣ ዓይነቶች አሉ።

አሁን ወደ ውኃው ልመለስ።

የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው የመብራት ነገር አይከብደውም። ውኃ በቦይ ተመርቶ ይመጣል። ከፍ ካለ ቦታ በኃይል ወርዶ መንኮራኩሩን ይመታል። መንኮራኩሩ ሲዞር ወፍጮው ይዞራል። ውኃው ሥራውን ጨርሶ ወደ ወንዙ ይመለሳል። አላለቀም፤ አልተበላም። ያለቀው ከፍታው ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ማመንጫም እንዲሁ ነው። መንኮራኩሩ ተርባይን ይባላል። ተርባይኑ በወፍጮ ፈንታ ትልቅ ማግኔት ያዞራል። ማግኔት በተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ውስጥ ሲሽከረከር በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል። ነገሩ ይኸው ነው።

እንግዲህ ከፍ ብሎ የሚወርድ ውኃ ያለበት ስፍራ ሁሉ የመብራት አዳኞችን ዓይን ይስባል። ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው ማመንጫ የተሠራው በ1956 ዓ.ም. ነው። ኃይሉ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ከፏፏቴው በላይ ውኃውን በቦይ ጠልፈው፣ ከገደሉ ጎን በቧንቧ አውርደው፣ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ መለሱት። የወሰዱት ጥቂቱን ነበር። አብዛኛው በገደሉ ላይ ይወርድ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ መዝጊያ ያለው ዝቅተኛ ግድብ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ውኃ የሚወጣው ሰው በከፈተለት መጠን ሆነ። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሲጨመር ኃይሉ ወደ 73 ሜጋ ዋት ነበርና ብዙ ውኃ ጠጣ። በበጋ ወራት ፏፏቴው መክሳት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

ከሁሉም የበለጠው ለውጥ ግን የመጣው በግንቦት 2002 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ይህ ማመንጫ የሚጠጣው ከዓባይ አይደለም፤ ከራሱ ከሐይቁ ነው። በጣና ምዕራብ ዳርቻ ውኃው በምድር ውስጥ በተቆፈረ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ይገባል። ከዚያም ከ300 ሜትር በላይ በምድር ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ተርባይኖቹም ያሉት ከመሬት በታች ነው። ውኃው ሥራውን ጨርሶ በበለስ ወንዝ በኩል ይሄድና በስተመጨረሻ ከዓባይ ጋር ቆላ ላይ ይገናኛል። ጢስ ዓባይን ግን አያየውም። በሌላ በር ወጥቷል።

የምሕንድስናው ጓደኛችን ይህን ሲያስረዳ እጁን እያወናጨፈ ነበር። «ተመልከቱ! ይህ ገደል 40 ምናምን ሜትር ነው። በለስ ከ300 ሜትር በላይ ነው። አንድ እንስራ ውኃ እዚህ ወርዶ አንድ ሥራ ቢሠራ፣ እዚያ ወርዶ ሰባት ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ነው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው። ፏፏቴው አልጠፋም። ወደ ምድር ውስጥ ገብቶ በሰባት እጥፍ ረዝሟል» አለ።

የታሪኳ ጓደኛችን አልተቀበለችውም። «ማን ያየዋል?» አለችው። እንግዳ ከውጭ አገር ድረስ ይህንን ለማየት ሲመጣ ኖሯል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. እዚህ ቆሞ ያየውን በመጽሐፉ ጽፏል። የዚህ አገር ሰው በእንግዳ እየመራ፣ በታንኳ እያሻገረ፣ ነጠላ እየሸጠ ልጆቹን አሳድጓል። እሷ ይህን ስትል ከጎናችን የተቀመጠች አንዲት ነጠላ ሻጭ ጣልቃ ገባች። «ውኃው ሲጎድል እንግዳውም ይጎድላል። ዛሬ ከናንተ በቀር ማንም አልመጣ። እናንተም እስካሁን አልገዛችሁም» አለችን። ሳቅን፤ አንድ ነጠላም ገዛን።

የእኔን አሳብ ብትጠይቁኝ፣ መብራቱ ይሻላል እላለሁ። አንድ ቆንጆ ገደል ለማየት ብሎ አንድ አገር በጨለማ አይቀመጥም። ነገር ግን ውኃውን የወሰደ ሰው፣ በውኃው ይኖር የነበረውን ሰው «አንተስ በምን ትኖራለህ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ያችን ሴት ሳያት ይህ ጥያቄ በደንብ የተጠየቀ አልመሰለኝም።

አባባ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ እንዲህ አሉ። «ውኃው ሄደ አላችሁኝ። ይሂድ። ሥራ ይዞ ነው የሄደው። ሥራ የያዘ ልጅ ከቤት ቢጠፋ አይፈረድበትም። ደመወዙ ግን የት ነው የሚገባው? እኔ ጋ ኩራዝ ነው።»

ማናችንም መልስ አልሰጠናቸውም።

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በቀበሌያችን የማታው ትምህርት የሚሰጠው በኩራዝና በባትሪ ነው። የአባባ ዓይን በቀን ደህና ነው፤ በኩራዝ ግን «ሰ» እና «ለ» ይምታቱባቸዋል። ሁለት ሴቶች በጢሱ ምክንያት ዓይናቸው እየቆሰለ ትምህርቱን ሊያቋርጡ ነበር። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ከቀበሌው በላይ ባለው ጋራ ላይ ትልልቅ የብረት ምሰሶዎች ሽቦ ተሸክመው እያለፉ ነው። ሽቦው ሌሊት ሌሊት እዝ እዝ ሲል ይሰማል። መብራቱ በላያችን ያልፋል፤ ወደ እኛ ግን አይወርድም። በብዙ የገጠር ቀበሌ ያላችሁ አንባቢዎች ይህንን ታውቁታላችሁ። ዛሬም ከአገራችን ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው መብራት አላገኘም።

ለምን አይወርድም? አባባም ይህንኑ ጠየቁ። ያን ማታ ጢስ ዓባይ ከተማ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ነበር። የምሕንድስናው ተማሪ መጀመሪያ በትምህርት ቤት ቋንቋ ሊያስረዳ ሞክሮ አልሆነለትም። ኋላ የአባባን አሮጌ ብር ሲያይ አንድ ምሳሌ መጣለት። እኔ እስከ ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ ይህ ይሻላል።

አንድ ሺህ ብር ይዛችሁ ሩቅ ገበያ ትሄዳላችሁ እንበል። በሳንቲም ብትይዙት አንድ ከረጢት ይሞላል። ይከብዳል፤ በየመንገዱም ይንጠባጠባል። በትልልቅ ብር ብትይዙት ግን ኪስ ውስጥ ይገባል፤ አይጠፋባችሁም። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። በዝቅተኛ ቮልት ብዙ ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ሽቦውን እያሞቀ በመንገድ ያልቃል። ስለዚህ ከማመንጫው ሲወጣ ቮልቱን ከፍ ያደርጉታል። በትልልቆቹ የብረት ምሰሶዎች ላይ የሚያልፈው እስከ 400 ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ ትልቁ ብር ነው። የቤታችን አምፖል ግን የሚፈልገው 220 ቮልት ብቻ ነው። ይህ ሳንቲሙ ነው። በትልቅ ብር ከጉልት ሻጭ የአንድ ብር ጨው ልግዛ ብትሏት ዝርዝር የላትም። ያን ኃይል በቀጥታ ወደ ጎጆ ብናስገባውማ አምፖሉ ብቻ አይደለም፣ ጎጆውም፣ ሰውም ይቃጠላል። ስለዚህ ዘርዛሪ ያስፈልጋል። ዘርዛሪው ትራንስፎርመር ይባላል።

ዝርዝሩም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ በሚባል ሰፊ ግቢ ውስጥ ትልቁ ቮልት ወደ 33 ሺህ ወይም ወደ 15 ሺህ ይወርዳል። ከዚያ በቀጫጭን ምሰሶዎች ወደየወረዳውና ወደየቀበሌው ይሄዳል። በመጨረሻ ቀበሌው ውስጥ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ሣጥን የሚመስል ትራንስፎርመር ለቤት በሚሆን መጠን ይዘረዝረዋል። ማከፋፈያ ጣቢያ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ቀጭኑ ምሰሶና በቀበሌው የሚሰቀለው ትራንስፎርመር ግን ከእሱ እጅግ ያነሰ ወጪ ነው። ስለዚህ ማከፋፈያ ጣቢያ በአቅራቢያው ያለ ቀበሌ የቀረው ነገር ትንሽ ነው ማለት ነው። የኛ ቀበሌ ከወረዳው ከተማ አምስት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። ከተማው መብራት አለው።

አባባ ይህንን ሲሰሙ ሻያቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያው እኛን የጎደለን ውኃ አይደለማ! ዘርዛሪ ነው የጎደለን» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ውኃውን ሞልቶ ሳናይ መቅረት አልፈለግንም። ክረምቱ አልፎ፣ ጣና ሞልቶ መዝጊያው በሚከፈትበት ጊዜ ፏፏቴው እንደ ጥንቱ እንደሚሆን ነግረውናል። መስቀልን አክብረን ደግመን ሄድን። አምስታችንም አልቀረንም።

በዚህኛው ጊዜ ከማየታችን በፊት ሰማነው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ነበር፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ዳገቱን ስንወጣ ከገደሉ ማዶ ነጭ ጢስ ወደ ላይ ሲነሣ አየን። ጢስ እሳት የተባለው ስለዚህ ነው። እሳት ግን የለም። ያ ሁሉ ውኃ ከዚያ ከፍታ ወርዶ ከድንጋይ ጋር ሲላተም ይደቅቃል። እንደ ዱቄት የላመው ጠብታ በነፋስ ይነሣል። ከሩቅ ሲያዩት ጢስ ነው፤ ሲጠጉት ዝናብ ነው። ነጠላችን በሰበሰ፤ የአባባም ጋቢ ከበደ። ከጢሱ ሥር ያለው ሣር ምንጊዜም እርጥብ ነው።

ገደሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውኃ ለብሷል። በክረምት ሙላት ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ግንቦት ላይ ደረቅ ድንጋይ ያየንበትን ስፍራ ፈልገን አጣነው። ጠዋት ስለነበር ፀሐይን ወደ ጀርባችን አድርገን ስንቆም የማርያም መቀነት በጢሱ ላይ ተዘረጋ። የፀሐይ ብርሃን ነጭ ይምሰል እንጂ በውስጡ ብዙ ቀለም አለ። በጠብታው ውስጥ ሲያልፍ እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ መንገድ ይታጠፍና ይለያያል። ፊታችሁን ወደ ፀሐይ ካዞራችሁ አታዩትም። አባባ ይህን ሊያረጋግጡ ሦስት ጊዜ ዞሩ። ሦስት ጊዜም እንደተባለው ሆነላቸው።

ውኃው ነጭ አልነበረም። እንደ ጠላ የደፈረሰ ነው። የሥነ ምድሩ ጓደኛችን እንዳለው፣ ጣና የገባበትን ደለል በብዛት ከሥሩ ያስቀራል። ነገር ግን ወንዙ ከጣና ከወጣ በኋላ እንደ አንዳሳ ያሉ ገባሮች እስከ ፏፏቴው ድረስ ይቀላቀሉታል። እነሱ የእርሻ አፈር ይዘው ይመጣሉ። ከፏፏቴው በታች ደግሞ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ ብዙ ወንዞች ይገቡበታል። እንዲያውም ዓባይ ሱዳን ሲገባ ከሚይዘው ውኃ የጣና ድርሻ ከመቶ 10 እጅ አይሞላም። የቀረው ከየሸለቆው የሚገባው ነው። «ከእኛ ቀበሌ ያለው ጅረትም?» አሉ አባባ። አዎን፣ እሱም። ጉባ ላይ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከ5000 ሜጋ ዋት በላይ እንዲያመነጭ ሆኖ የተሠራ ነው። እዚያ ከሚጠራቀመው ውኃ ውስጥ የአባባ ማሳ ሥር የሚያልፈው ጅረት አለበት። አፈራቸውም አለበት።

ይህን እየተነጋገርን ሳለ አንድ ትልቅ ግንድ ከላይ እየተንከባለለ መጣ። ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል የሰማነው ሁሉ አፋችንን ከፈትን። ግንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ቆም ያለ መሰለ፤ ከዚያ ቁልቁል ተወረወረ። ከሥር ሲወጣ እናያለን ብለን ጠበቅን። አልወጣም። አባባ እንደ ልጅ በጭብጨባ ሳቁ።

ብሩን አውጥተው ዳግመኛ ከገደሉ ጋር አስተያዩት። እንዳይረጥብ በፌስታል ሸፍነንላቸው ነበር። «አሁን ልክ ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «ድምፁን ግን ብሩ ላይ አላደረጉትም» አሉ።

ወደ ቀበሌያችን በተመለስን በሦስተኛው ማታ አባባ ከትምህርቱ በኋላ ቀሩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቁ። በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሊጽፉ ነው። እንጻፍልዎ ወይ ብንላቸው እንቢ አሉ። የሚጻፈው ለወረዳው ነው። ጽሕፈቱ ሦስት ማታ ፈጀ፤ ሁለት ባትሪ ድንጋይም ጨረሰ። የቀበሌያቸውን ስም፣ የአባወራውን ቁጥር፣ እስከ ወረዳው ያለውን መንገድ ጻፉ። የብረቱ ምሰሶ በስንት ማሳ እንዳለፈ ቆጥረው ጻፉ። ጢስ ዓባይን ሁለት ጊዜ ሄደው እንዳዩና ውኃው የት እንደሚሠራ እንደሚያውቁም አከሉበት። ይህ ለደብዳቤው አስፈላጊ አይደለም ብዬ ነበር። «ይኑርበት። አላወቀም ብለው እንዳያሳንሱኝ» አሉ።

ያስቸገራቸው አንድ ቃል ብቻ ነው። «ትራንስፎርመር» የሚለው። በመጀመሪያው «ፎ»ን ዘለሉት። በሁለተኛው «ስ»ን ደገሙት። በሦስተኛው ልክ መጣ፤ ግን ትልልቅ አድርገው ስለጻፉት አንድ መስመር ሙሉ ያዘ። ሌላ ወረቀት ልስጥዎና ያሳጥሩት አልኳቸው። ኩራዙን ወደ ወረቀቱ ጠጋ አድርገው አዩት።

«ተወው የኔታ» አሉ። «ከሩቅ እንዲነበብ ነው።»